ትናንት ለነገ ዋስ ይሆናልን?

(ሶዶ ከተማ ውስጥ ለመምህራንና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ሲከማች «ዛሬ ሊዘንብ ነው» እንላለን። በምን አወቅን? «ከዚህ በፊትም እንዲህ ሲሆን ዘንቧል» ነው መልሳችን። ጥሩ! ግን አንድ ነገረኛ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ትናንት ስለሆነ ነገም ይሆናል ያለው ማነው?» ቢለንስ?

በዚህ ጥያቄ ዓለምን ያስጨነቀው የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ነው። እ.ኤ.አ. በ1748 ያሳተመው መጽሐፍ ሐሳብ ሲጨመቅ ይህን ይላል፦ ካየነው ተነስተን ስላላየነው የምንደመድምበት መንገድ፣ ፈላስፎች ኢንዳክሽን የሚሉት፣ ማረጋገጫ የለውም። «እስካሁን ሠርቷልና ወደፊትም ይሠራል» ካላችሁ፣ የተጠየቃችሁትን ነገር ራሱን መልሳችሁ ማስረጃ አደረጋችሁት። ተበዳሪው ለራሱ ዋስ ሆኖ ቀረበ ማለት ነው! የትኛው አበዳሪ ነው የሚቀበለው?

እንግሊዛዊው በርትራንድ ራስል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1912 ነገሩን በዶሮ መሰለው። ዕድሜዋን ሙሉ ጥሬ የሚሰጣት ሰው አንድ ቀን አንገቷን ይጠመዝዛል። እኛ ያለነው ወላይታ ነውና በሰንጋ እናድርገው። በሬው ጠዋት ማታ ሣር ይታጨድለታል፣ ውኃ ይቀርብለታል። «ይህ ሰው እንዴት ቢወደኝ ነው!» ይላል። ጊፋታ ሲደርስ ግን ቢላዋና ዳጣ ይቀርባል! በሬው ያያቸውን ቀናት በትክክል ቆጥሯል፤ ያላየው ቀን እንዳለ ነው ያላሰበው።

ሳቃችሁ አይደል? የሚያስለቅሰው ወዲህ ነው። በ2000 ዓ.ም. ወላይታን ጨምሮ በደቡብ በርካታ አካባቢዎች የበልግ ዝናብ በወቅቱ ሳይጥል ቀረ። ስኳር ድንቹም ከዳ። ዝናቡ ዘግይቶ ሲመጣ ምድሩ ለመለመ፤ ከመኪና መስኮት ለሚያይ ሰው አገሩ ጥጋብ ነበር። ጎጆ ውስጥ ግን ሕፃናት በረሃብ ሰውነታቸው አብጦ ነበር። «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ይኸው ነው። «ልምላሜ ካለ እህል አለ» የሚለው የቆየ ልምድ የብዙውን ሰው ዐይን ጋረደ። ማሳው ላይ የነበረው ግን ገና ቅጠል እንጂ ፍሬ አልነበረም።

ታዲያ ልምድን እንጣለው? አይቻልም! ሂዩም ራሱም አልጣለውም፤ ሰው የሚኖረው በልማድ ነው ብሎ አምኗል። ማረጋገጫ ካልመጣልኝ አልዘራም ያለ ገበሬ በልጉ እንዲሁ ያልፈዋል።

የወላይታ አባቶችና እናቶች መልሱን ያስቀመጡት ጓሯቸው ነው፦ እንሰት! ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ የአንድ ወቅት ድርቅ ግን በቀላሉ አይጥለውም። «ዝናቡ ይመጣል» ብለው በቆሎ ይዘራሉ፤ «ባይመጣስ?» ብለው እንሰት ይተክላሉ። ሂዩምን ሳያነቡ ሂዩምን ገብቷቸዋል! እርግጥ እንሰትንም አጠውልግ በሽታ ይመታዋል፤ መሬቱም ጠቧል። ዋሱም ሌላ ዋስ ይፈልጋል ማለት ነው።

ወገኖቼ! «እስካሁን ደህና ነን፤ ስለዚህ ወደፊትም ደህና ነን» የሚል ሹም ስታገኙ ሰንጋውን አስታውሱ። ከሹም የምንጠብቀው ትንቢት አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ያሰብከው ባይሆንስ? መጠባበቂያው የት አለ?» ይህን መጠየቅ ሟርት አይደለም፤ የጓሮ እንሰት መትከል ነው።