የማኅፀን በር ነቀርሳና በእጅ የሚያዘው መመልከቻ

የማኅፀን በር ነቀርሳ ቸኩሎ የሚገድል ደዌ አይደለም፤ ኤች ፒ ቪ ከሚባለው ቫይረስ ተነሥቶ ነቀርሳ እስኪሆን ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እንዲህም ሲሆን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በዓለም ላይ 350,000 የሚያህሉ ሴቶች ሞተውበታል፤ ከመቶውም 94ቱ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ነበሩ።

ሐንስ ሂንዘልማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሥፍራውን አጕልቶ የሚያሳየውን ኮልፖስኮፕ በ1925 አስታወቀ፤ ነገር ግን መሣሪያው ከባድና ውድ ስለ ሆነ ከትልልቅ ሆስፒታሎች ብዙም አልራቀም። ስለዚህ በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች ብዙ አገሮች የሠለጠነች ነርስ የቀጠነ ሆምጣጤ፥ ይኸውም ባለ ሱቁ አቼቶ የሚለውን ዓይነት፥ ትቀባለች፤ የተለወጠው ሥፍራ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሲነጣ በዐይንዋ ታያለች። ይህ ርካሽ ነው፤ ዳሩ ግን ያየችው በእርስዋ ዘንድ ይቀራል፤ ብትሳሳት የሚያርማት የለም።

በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ኒርማላ ራማኑጃምና ባልደረቦችዋ የሠሩት የኪስ ኮልፖስኮፕ በእጅ ተይዞ ከቅርብ ያነሣል፤ ሥዕሉንም ወደ ስልክ ያስተላልፋል። ከርካሽነቱ ይልቅ የሚበልጠው ትርፍ፥ በሩቅ ያለ ሐኪም ያንኑ ሥዕል አይቶ መፍረድ መቻሉ ነው። ሆኖም ሥዕል አይፈውስም፤ የተለወጠውን ሥጋ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት የሚያጠፋው መሣሪያ በዚያው ክፍል ከሌለ፥ ከሩቅ ቀበሌ በእግርዋ የመጣች፥ «ሌላ ቀን ተመለሺ» የተባለች ሴት ብዙ ጊዜ ሳትመለስ ትቀራለች።