«ሲስተም የለም» ከሚባልበት መስኮት ጀርባ

በጎንደር ከተማ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአገልጋይ ካህናት የቀረበ ንግግር



ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ ተነሥቶ ገንዘብ ለማውጣት ደባርቅ የደረሰ ገበሬ በባንኩ መስኮት ፊት ቆሞ «ሲስተም የለም» ሲባል ያላየ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ሰውየው ሲስተም ምን እንደ ሆነ አያውቅም። የሚያውቀው የመጣበትን መንገድ ርዝመትና ማደሪያ እንደሌለው ነው። በዚያች ሰዓት ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ገንዘብ ከፋይ ስልክ አንሥታ ለአንድ ሰው ትደውላለች። ያ ሰው ጎንደር ወይም አዲስ አበባ በአንድ ክፍል ተቀምጦ ጥሪውን ይቀበላል፤ ይጠይቃል፤ ይመዘግባል፤ የሚችለውን ያስተካክላል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለበላዩ ባለሙያ ያስተላልፋል። ይህ ክፍል «ሄልፕ ዴስክ» ይባላል፤ በመሥሪያ ቤቶቻችን «አይቲ ድጋፍ» የሚሉትም አሉ። ዛሬ የምንናገረው ስለዚያ ወንበርና በዚያ ወንበር መቀመጥ ስለሚሹ ልጆቻችን ነው።

እኛ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ለዓመታት ያገለገልን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም በቅጥር ወቅት ከጠያቂዎች ወገን እንድንቀመጥ የታዘዝን ነን። ከመካከላችን ዳባትና ደባርቅ ያደግን አለን። እኛው ራሳችን በጊዜያችን ተጠይቀን የወደቅን ስለ ሆንን የሁለቱንም ወንበር ጠባይ እናውቀዋለን።

«ልጃችን ኮምፒውተር ተምሮ ተመረቀ፤ ሥራ ግን አጣ» የሚለው ሮሮ በየአጥቢያው ይሰማል። የትምህርቱ በር እንደ ቀድሞው ጠባብ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በኮምፒውተር ሙያ ያስመርቃል። በደባርቅም ዩኒቨርሲቲ አለ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በሃርድዌርና በኔትወርክ ጥገና ያሠለጥናሉ፤ ሠልጣኞቹም የብቃት ምዘና ወስደው የምስክር ወረቀት ይይዛሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህም «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» በተባለው አገራዊ መርሐ ግብር ያለ ክፍያ በኢንተርኔት መማር ተችሏል። ወረቀትስ አልጠፋም። ማስታወቂያው ግን «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል፤ ልምድ ከሥራ፣ ሥራም ከልምድ የሚገኝ ሆኖ ልጁ በሁለቱ መካከል ቆሞ ይቀራል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ለጥቂት ወንበር እጅግ ብዙ ሰው ይሰለፋል። ተስፋ የቆረጠው ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል፤ ድንበር የሚሻገርም አለ። አጨዳ ነውር ነው ማለታችን አይደለም፤ ከእኛም አጭዶ የተማረ አለ። ነገር ግን ወላጅ በሬ ሸጦ ያስተማረው ልጅ የተማረውን አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራበት ሲረሳው ማየት ያሳዝናል።

አንድ ወጣት እናስታውሳለን፤ ስሙን አንጠራም። የጃናሞራ ልጅ ነው። ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው ገባ። ከሦስቱ ሁለቱን በእኛው ፊት ስለ ወደቀ ምክንያቱን በሚገባ እናውቃለን።

በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ስንል ጠየቅነው፦ «አንዲት ሠራተኛ ደውላ ‹ፕሪንተሩ አላትም አለኝ፤ በፊቴም ባለጉዳይ ተሰልፏል› ብትልህ ምን ታደርጋለህ?» እርሱም «ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና እጭናለሁ» አለ። መልሱ ከመጽሐፍ የተገኘ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ችግሩ ልጁ ምንም ሳይጠይቅ መድኃኒት ማዘዙ ነበር። ፕሪንተሩ በርቷልን? ወረቀት አለውን? የማያትመው ለእርሷ ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም? ትናንት ይሠራ ነበርን? ከዚያ ወዲህስ ምን ተለወጠ? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨሩ ጋ ሳይደርስ መልሱን ያገኛል። ከሁሉም በፊት ደግሞ «ለጊዜው በጎረቤትሽ ፕሪንተር አትሚና ሰልፉ ይንቀሳቀስ፤ እኔ ይህን ላስተካክል» ማለት ነበረበት። እኛ የምንጠብቀው ባለጉዳዩን የሚያስብ መልስ ነበር፤ እርሱ ግን ስለ ዕቃው ብቻ አሰበ።

በሁለተኛው ጊዜ ከፊተኛው ተምሮ መጣ፤ መልሱም ተሻሻለ። ነገር ግን «ተጠቃሚዎች ብዙ ጊዜ የሚደውሉት ለምንድን ነው?» ስንለው «ስለማያውቁ ነው» ብሎ ፈገግ አለ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ወዲያው ብዕሩን አስቀመጠ። ይህን የሚያህል ጥቃቅን ነገር ሰውን ይጥላልን? ይጥላል። በዚህ ሥራ ላይ የሚቀመጥ ሰው በቀን ደጋግሞ «ኮምፒውተሬ ስታክ አደረገ» የሚል የተበሳጨ ድምፅ ይሰማል፤ ደዋዩን በልቡ የናቀ እንደ ሆነ ንቀቱ በስልክም ይታወቃል።

ሦስተኛውን በሌላ መሥሪያ ቤት ተፈተነ፤ ፈተናውንም አለፈ። ከዚያ በኋላ ደመወዝተኛ የሆነ ዋስ አምጣ ተባለ። በጎንደር ከተማ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ ቀኑ አለፈ፤ ወንበሩም ለተጠባባቂው ተሰጠ። በዚህ ላይ ብዙ መናገር ይቻል ነበር። ለአሁኑ ግን ፈተና አልፎ በዋስ ማጣት የሚቀር የደጋ ልጅ እርሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥም ደመወዝተኛ የሆኑ የሰበካ ጉባኤ አባላት እንዳሉ ጠቁመን እናልፋለን። ዋስትና የገንዘብ ኃላፊነት ስላለበት ልጁን ሳያውቁ ይፈረም አንልም። ልጁን ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ ግን አሁን እንናገራለን።

በሦስተኛውና በአራተኛው ፈተና መካከል ልጁ በከተማው ጥግ ባለች አንዲት አጥቢያ ተጠግቶ ነበር። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ አዛውንት ቄስ ናቸው። አንድ ቀን የምእመናን መዝገብ ያለበት ፍላሽ ተከፍቶ ሲታይ ፋይሎቹ ሁሉ ጠፍተው በምትካቸው ምልክት ብቻ ሆነው ተገኙ። በሰፈሩ ያለ የኮምፒውተር ቤት «ፎርማት ይደረግ» አለ። ልጁ ደግሞ «አባቴ፣ ምንም አይንኩት፤ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም» አለ። እንዳለውም ሆነ፤ ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ፋይሉን ሳያጠፋ ስለሚደብቀው መዝገቡ ተመልሶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ በእርሱ እጅ ሆነ። በፓወር ግእዝ የተጻፉት የቆዩ ቃለ ጉባኤዎች በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ሆነው ሲታዩ ፊደሉን መልሶ ጭኖ አስነበባቸው፤ ቀስ በቀስም ወደ ዩኒኮድ ለወጣቸው። መዝገቡን በሁለት ቦታ ማኖርን አባን አስተማራቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ እየመዘገበ ነበር፦ ቀኑን፣ ማን እንደ ጠራው፣ ችግሩ ምን እንደ ነበረ፣ ምን እንዳደረገ። ይህ የደብተሩ ነገር ከማን እንደ ተማረው አልጠየቅነውም፤ በእኛ ክፍል «ቲኬት» የምንለው ይኸው ነው።

በአራተኛው ጊዜ እንደገና ወደ እኛ ሲመጣ «የረዳኸውን አንድ ሰው ንገረን» አልነው። የአባን ፍላሽ ታሪክ ተረከ፤ ደብተሩንም ከቦርሳው አወጣ። ከዚያ በኋላ ሦስት ከባድ ጥያቄዎች ጠየቅነው። «የኮምፒውተር አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ሆኖ ብታገኘው ምን ትረዳለህ?» አልነው፤ «ከኔትወርኩ አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ ሰጥቷል ማለት ነው፤ ገመዱን አያለሁ፤ ሌሎቹም እንዲሁ ከሆኑ አድራሻ አዳዩን ሰርቨር እጠራጠራለሁ» አለ። ሁለተኛውን ግን አላወቀውም። «ይህን አላውቅም፤ ከበላዬ ያለውን እጠይቃለሁ፤ ለደዋዩም ጉዳዩን ለማን እንዳስተላለፍኩ እነግረዋለሁ» አለ። እውነቱን ለመናገር ከመልሶቹ ሁሉ የወደድነው ይህን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኛ አገር ልጅ የተለየ ፈተና አለው። «ሥራ አስኪያጁ ነኝ የሚል ሰው ደውሎ ‹የይለፍ ቃሌ ጠፋኝ፤ አሁኑኑ ለውጥልኝ› ቢልህስ?» ልጆቻችን ታላቅን አክብረው አድገዋልና ብዙዎቹ «እሺ ጌታዬ» ይላሉ፤ አታላይ የሚገባውም በዚሁ በር ነው። ይህ ወጣት «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በመዝገባችን ባለው ስልክዎ መልሼ ልደውልልዎት» አለ። አክብሮቱ ሳይጓደል በሩ ተዘጋ። ዛሬ ሠራተኛ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን የማይበልጠውን የሙከራ ጊዜ ጨርሶ ተረጋግቷል።

ይህ ዓይነቱ ፈተና ለእናንተ እንግዳ አይደለም። የጎንደር በአታ የአቋቋም ምስክር ቤት ናት፤ ወደዚያ የሚመጣ ደቀ መዝሙር «ተምሬአለሁ» በማለቱ ብቻ አያስመሰክርም፤ በመምህሩ ፊት ቆሞ ያሳያል። ከዚያም በፊት ከበታቹ ያሉትን ሲያስቀጽል ኖሯል። ለኮምፒውተር ተመራቂው የጎደለው ይህ ማስቀጸል ነው። ሰው እየረዳ የሚቆይበት አንድ ዓመት የለውም።

በየአጥቢያችሁ ግን ሥራው ሞልቷል። በአገልግሎት ላይ ያሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 10 የሚሠሩ ናቸው፤ አምራቹ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህ ዓይነቱ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠቱን አቁሟል። የትኛው ወደ አዲሱ እንደሚሻገር፣ የትኛው እንደማይችል የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። የክርስትና መዝገብ አለ፤ የዐሥራት ደረሰኝ አለ፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የድምፅ መሣሪያ አለ። ለአንድ ወጣት፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይህን አስረክባችሁ፣ ከተቻለም የትራንስፖርትና የምሳውን ሸፍናችሁ ለስድስት ወር አቆዩት። ያለ ደብተር ግን አይሁን። የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃልና የገንዘብ መዝገቡን ማን እንደሚይዝ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይወሰን፤ ይህን ያልንበት ምክንያት ልጁን ለመጠራጠር ሳይሆን አንዳች ነገር ቢጎድል ለእርሱም መጠበቂያ እንዲሆነው ነው።

በመጨረሻ ደብዳቤ ስጡት። አዋጁ አሠሪ ለሠራተኛው በነጻ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን እንዲገልጽ ያዝዛል፤ የእናንተም ደብዳቤ በዚሁ ልክ ቢጻፍ ጠያቂዎች ያነቡታል። «ትሑትና መልካም ጠባይ ያለው ልጅ ነው» የሚለው ብቻ አይጠቅመውም። ክፍያ ካልነበረ «በበጎ ፈቃድ» ተብሎ ይጻፍ። ስድስት ወሩን ሁለት ዓመት አድርጎ መጻፍ ደግሞ ከቶ አይገባም፤ እኛ እንደውላለን፤ ሐሰቱ በተገኘ ቀን የልጁም የማኅተማችሁም ነገር ያበቃል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት በተቋረጠበት ጊዜ ማስታወቂያ በቴሌግራም እየወጣ የደጋው ልጅ ሳያየው ቀኑ ያልፍ ነበር። ዛሬም መንገዱ ሲዘጋና ኔትወርኩ ሲጠፋ እንዲሁ ይሆናል። በከተማው ያላችሁ አጥቢያዎች ያያችሁትን ማስታወቂያ በስልክ ለደባርቅ፣ ለመካነ ብርሃንና ለድል ይብዛ ብትነግሩ፣ ለፈተና የሚመጣውንም አንድ ሌሊት ብታሳድሩት፣ ያ የጃናሞራ ልጅ በመጀመሪያው ፈተና ዋዜማ መናኸሪያ ባላደረ ነበር። ይህንንም የነገረን ከተቀጠረ በኋላ ነው።

የደብዳቤውንና የደብተሩን ናሙና አዘጋጅተን መጥተናል፤ በበሩ አጠገብ ታገኙታላችሁ። አሁን ጥያቄያችሁን እንቀበላለን።