የሕፃናትን የመስማት ችሎታ በጨዋታ ስለ መለካት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ መሐንዲሶች መለኪያው ሳይፈተሽ ንባቡን አናምንም። ይሁን እንጂ እኔ ይህንኑ ደንብ በገዛ ቤተሰቤ ላይ ዘንግቼው ነበር፤ የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ስሕተት ነው።

የእኅቴ ልጅ የ4 ዓመት ሕፃን ሳለች፣ ከምትውልበት መዋዕለ ሕፃናት «ቢነግሯት አትሰማም» የሚል ስሞታ ይመላለስ ነበር። እናቷ ጆሮዋን ተጠራጠረችና አማከረችኝ።

በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን የሰማውን እንዲደግም ቢጠየቅ መልሱ አያስተማምንም። «ቀበሮ»ን «ከበሮ» ብሎ የሚጠራ ልጅ ጉድለቱ የአንደበት ይሁን የጆሮ አይለይምና። ስለዚህ መልሱን ከአፍ ወደ እጅ ማዛወር ያስፈልጋል። የቀበሮና የከበሮ፣ የውሃና የውሻ፣ የዶሮና የጆሮ ሥዕሎች ይዘጋጃሉ። ሕፃኑ ሥዕሎቹን ማወቁ አስቀድሞ ይረጋገጣል፤ ከዚያም ከሁለቱ አንዱ ሲጠራ በተጠራው ሥዕል ላይ ጠጠር ያኖራል። ለእርሱ ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ግን ልኬት ነው።

እኔም ከልጅቱ ፊት ለፊት ተቀምጬ አጫወትኋት። ውሃንና ውሻን 10 ጊዜ ጠርቼ 10ሩንም ለየች። በቀበሮና በከበሮ ግን ያገኘችው 5 ብቻ ነበር፤ ይህንንም «የዕድሜዋ ነገር ነው» ብዬ አለፍሁት። እኅቴንም «ጆሮዋ ደኅና ነው» ብዬ አሰናበትኋት።

ከ3 ወር በኋላ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ከሁለት ሥዕል አንዱን እንዲያው በግምት የሚያነሣ ሰውም ቢሆን ከ10 ወደ 5 ያህሉን ያገኛል። እንግዲህ በአንዱ ጥንድ ሙሉ፣ በሌላው ባዶ የሆነችው ስለ ምን ነው? «ሻ» ሲባል ከንፈር ይሾላል፤ «ሃ» ሲባል ግን አይሾልም። «ቀ» እና «ከ» ሁለቱም ከአፍ ጀርባ ስለሚፈጠሩ በዓይን አይለዩም። ምልክቱ በሁለት መሥመር ይደርሳት ኖሯል፤ እኔ የለካሁት ጆሮዋን ሳይሆን ዓይኗን ነበር።

አፌን በወረቀት ከልዬ፣ በዝግታ ድምፅ ጨዋታውን ደገምሁት። የውሃና የውሻ ውጤቷ ወደ 6 ወረደ። ሐኪም ዘንድ ስትወሰድ፣ ከጆሮዋ ታምቡር በስተጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። ታክማ ድናለች፤ በከንቱ ያለፉት 3 ወራት ግን የእኔ ዕዳ ናቸው።

ስለሆነም እንዲህ ያለውን ጨዋታ በስልክም ሆነ በወረቀት ለምታዘጋጁ ባልደረቦቼ የማሳስበው ይህን ነው። የተናጋሪው አፍ አይታይ። የቃላቱ ተራ በሳንቲም ዕጣ ይወሰን። ዕድልም በስሌት ይገባ፤ ከ10 ጥሪ 8 ወይም ከዚያ በላይ በግምት ብቻ ማግኘት ከ1,024 አጋጣሚዎች በ56ቱ ይደርሳል፤ 9 ወይም ከዚያ በላይ ግን በ11ዱ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ፣ ጨዋታው የእናትን ጥርጣሬ ሊያጠናክር ይችላል እንጂ ሊያሰናብተው አይገባም። የማሰናበቱ ሥልጣን የሐኪሙ ነው።