ስለ አስፈሪው ንጉሥ ዘፈን ትርጉም
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በክፍላችን ሦስት ቀን ሙሉ ስላከራከረን አንድ ዘፈን ጥቂት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን። ግጥሙን በ1782 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ.) የጻፈው ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ ነው። ዜማውን በ1815 የደረሰለት የቪየናው ሹበርት ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 18 ዓመት፤ ማለት የእኛው እኩያ ነበረ። ይህን በሰማን ጊዜ ጥቂት ማፈራችንን አንሸሽግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አባት ልጁን ታቅፎ በሌሊትና በነፋስ በፈረስ ይጋልባል። ልጁ ፊቱን ይሸፍናል፤ ዘውድ የደፋ ንጉሥ ይታየዋልና። ስሙ ኤርልኬኒግ ነው። ዴንማርኮች የመናፍስት ንጉሥ የሚሉትን ሄርደር የተባለው ሊቅ ሲተረጉመው የውሃ ዳር ዛፍ ንጉሥ ሆኖ ቀረ። ንጉሡ ልጁን በጨዋታ፤ በአበባና በወርቅ ልብስ ያባብለዋል። ልጁ ይህን ለአባቱ ሲነግረው አባትየው መጀመሪያ ጉም ነው ይለዋል፤ ቀጥሎ ደረቅ ቅጠል የሚያንኮሻኩሽ ነፋስ ነው፤ በሦስተኛው ያረጁ የአሐያ ዛፎች ናቸው ይለዋል። በአራተኛው ልጁ ተያዝሁ ብሎ ሲጮህ ግን መልስ የለውም፤ እርሱም ደንግጦ ፈረሱን ያስሮጣል። ከቤት ሲደርስ ልጁ በክንዱ ላይ ሞቷል።

ትርጉሙ ምንድን ነው? ግማሾቻችን ልጁ በንዳድ ታሞ ይቃዣል አልን፤ ግጥሙ ግን ስለ ሕመም አንድ ቃል አይናገርም። ሌሎቻችን ንጉሡ ሞት ነው አልን። በኋላ ክርክሩ ከንጉሡ ወደ አባትየው ዞረ። አባትየው ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን አጥብቆ ይዞታል፤ ፊቱን ለምን እንደሚሸፍን አስቀድሞ የጠየቀውም ራሱ ነው። ጠየቀ፤ መልሱን ግን አልተቀበለም። ወላጆቻችን አይቀየሙንና፤ እኛም በሕፃንነታችን ሌሊት ዱካክ ተጭኖን ስንጮኽ «ምንም የለም፤ ተኛ» እንባል ነበር። ቀን ስናለቅስ ደግሞ አያ ጅቦ መጣ እያሉ የሚያስፈራሩን እነዚያው ነበሩ!

በዘፈኑ አንዱ ዘፋኝ የተራኪውን፤ የአባትን፤ የልጁንና የንጉሡን ድምፅ ያሰማል። የልጁ ጥሪ በየጊዜው እየቀጠነ ከፍ ይላል። የንጉሡ ግን ዝግ ያለና ጣፋጭ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራን ይህ ጣፋጭነቱ ነው። ፒያኖው እንደ ፈረስ ኮቴ ሲመታ ቆይቶ ከቤት ሲደርሱ ዝም ይላል፤ የመጨረሻዎቹን ቃላት ዘፋኙ እንደ ተራ ንግግር ይናገራቸዋል።

ዘፈኑ ባለቀ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፤ ታናሽ ወንድሙ ማታ ማታ ወደ ደጅ መውጣት እንደሚፈራ ነገረን። ምን እንደሚታየው ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆት እንደማያውቅ ጨምሮ ተናገረ።