የአሮጌው ኮምቢ ካርቡራተርና የእሳቱ ጊዜ

ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠለትና በነፋስ የሚቀዘቅዘው አሮጌው የቮልስዋገን ኮምቢ ዕድሜው ገፍቶ ዳገት ላይ መለገም ሲጀምር፣ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚመኘው ትልቅ ካርቡራተር መግዛትን ነው፤ ነገር ግን የሞተር ኃይል የሚገኘው ከቤንዚን ብዛት ሳይሆን ቤንዚንና አየር በተገቢው ምጣኔ ተዋሕደው በተገቢው ቅጽበት ከመቃጠላቸው ስለ ሆነ፣ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የእሳቱን ሥርዓት መመርመር ይገባል።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሥታችሁ ዘንጉን በጣታችሁ ግራና ቀኝ ግፉት። የሚወላገድ ከሆነ፣ የፑንቲናው ክፍተት በ0.4 ሚሊሜትር ቢስተካከልም ዘንጉ በዞረ ቁጥር መለዋወጡ አይቀርም። ፑንቲናውን አስወጥቶ በማግኔት የሚሠራውን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ማስገባት፣ የሚፋቅና የሚቃጠል ክፍል ስለሌለው፣ በደኅና ዘንግ ላይ ሲሆን እጅግ የሚመሰገን ነው፤ በተበላ ዘንግ ላይ ግን የድካሙን ዋጋ አያስገኝም።

ከዚህም የሚበልጠው የዲስትሪቢዩተሩና የካርቡራተሩ የጠባይ ስምምነት ነው። 009 የሚል ቁጥር ያለበት የቦሽ ዲስትሪቢዩተር እሳቱን የሚያስቀድመው የሞተሩን ፍጥነት ብቻ ተከትሎ ሲሆን፣ በ1600ው ሞተር ላይ የምናገኘው 34 ፒክት 3 የተባለው የሶሌክስ ካርቡራተር ግን በቀጭን ቱቦ የአየር ስበቱን የሚቀበል ዲስትሪቢዩተር አብሮት እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ያጣመረ ሰው፣ ቤንዚን በረገጠ ቁጥር ሞተሩ ለአፍታ ታፍኖ ሲንገጫገጭበት ካርቡራተሩን ያለ በደሉ ይወቅሳል። እኔ ብጠየቅ ባለ ቱቦውን ዲስትሪቢዩተር እመርጣለሁ፤ ጭነት ለሚሸከም መኪና በተለይ።

ባለቤቱ የሚመኘውን ትልቅ፣ ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡራተር በሞተሩ መካከል መትከል ሌላ ፈተና አለው፤ ቤንዚን ሲተን ሙቀት ስለሚነጥቅና ድብልቁ እስከ ቴስታታው ድረስ በረጅም ቧንቧ ስለሚጓዝ፣ ቧንቧውን የሚያሞቀው ቱቦ በጥቀርሻ ከተደፈነ በአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ቧንቧው ቀዝቅዞ ቤንዚኑ በግድግዳው ላይ ወደ ጠብታነት ይመለሳል። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. ለ1972 ሞዴል 1700ውን ሞተር ሲያቀርብ፣ በመካከል አንድ ትልቅ ካርቡራተር በማኖር ፈንታ ግራና ቀኝ ለየቴስታታው አንዳንድ ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ለደጋው ነዋሪ እንግዲህ የሚበጀው ትልቅነት ሳይሆን ልክ ነው። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለቆላ የተመጠነው ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም በጥቀርሻ ይጠቁራል። ቤንዚን የምትመጥነው የነሐስ ብሎን 130 የሚል ቁጥር ካላት ቀዳዳዋ 1.30 ሚሊሜትር ነው ማለት ሲሆን፣ በ125 ወይም በ122.5 ተክቶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ሞተሩን እዚያው አጥፍቶ ካንዴላውን ማየት ነው፤ ቀለሙ ፈዛዛ ቡናማ ሲሆን ምጣኔው ተገኝቷል። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ግን የመጀመሪያዋን ብሎን በመኪናው ይያዝ፤ በቆላ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ይህን በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ያግላልና፣ ቁልቁለቱን ከጨረሰ በኋላ ጭነቱን ይዞ ሜዳውን ከመያያዙ በፊት ይለውጣት።