የመመለስ ዓመት
በአጋርፋ በኢዮቤልዩው በዓል የተነገረ ንግግር



ኢዮቤልዩ የሚለውን ቃል በዚህ ሰሞን በቤትም በደጀ ሰላምም ደጋግመን ሰምተነዋል። ብዙዎቻችን የምናውቀው የዓመቱ ቍጥር ሲሞላ የሚደረግ የደስታ በዓል መሆኑን ነው። ነገር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተደነገገው ኢዮቤልዩ አስቀድሞ የመመለስ ዓመት ነበረ፤ ይኸውም በችግር ርስቱን የለቀቀው ሰው ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ የሚመለስበት ነው። ሕጉም ሰውየውን ተመለስ ብሎ ብቻ አልተወውም። የሚገባበትን መሬት መለሰለት፤ በድኽነት ራሱን የሸጠውንም ነጻ አወጣው። እኔም ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት ከስደት ስለሚመለሱ ልጆቻችን ስለ ሆነ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ከባሌና ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከጅማ፣ ከወሎና ከትግራይ የሚወጣው ወጣት የሚሄድባቸው መንገዶች በብዛት ሦስት ናቸው። አንዱ በጅቡቲ በኦቦክ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ በየመን ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ነው። ሁለተኛው በመተማ በሱዳን ወደ ሊቢያ ነው። ሦስተኛው በሞያሌ ወጥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀው ነው፤ በዚህም መንገድ በመጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ አገር በአንድ የጭነት መኪና ውስጥ የ64 ወገኖቻችን አስከሬን ተገኝቷል። ስለ መሄዳቸው ብዙ ስለ ተነገረ አልደግመውም።

ስለ መመለሳቸው ግን የተነገረው ጥቂት ነው። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ አጋማሽ 2016 ዓ.ም.፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተገልብጠው ብዙ ሰው አለቀ። በሁለተኛው ላይ 77 ሰዎች ተሳፍረው ነበር። እነዚህ ሰዎች ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚሄዱ አልነበሩም፤ በየመን ተንገላትተው፣ ተስፋ ቈርጠው፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ነበሩ እንጂ። ሲሄዱ ያሻገራቸውን ዐይነት ደላላ ሲመለሱም ለምን ተከተሉት ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ መልሱ በሕግ የሚመለሱበትን መንገድ ወይ አላወቁትም፣ ወይም ቢያውቁትም ተራው ረዘመባቸው የሚል ይመስለኛል።

በሕግ የሚመለሱበት መንገድ ግን አለ። ሕዝቡ አይ. ኦ. ኤም. የሚለው ዓለም አቀፍ የፍልሰት ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1951 ተቋቁሞ፣ ከ1979 ጀምሮ በገዛ ፈቃዳቸው መመለስ የሚሹትን ይረዳል። ሥራውም እንዲህ ነው። መመለስ የሚፈልገው ሰው ባለበት አገር ለድርጅቱ ሠራተኛ ቃሉን ይሰጣል። ፓስፖርት የሌለው እንደ ሆነ (ብዙዎቹ የላቸውም፤ ወይ ሳይዙ ወጥተዋል፣ ወይም ተወስዶባቸዋል) የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ዜግነቱን መርምሮ ሊሴ ፓሴ የሚባለውን የይለፍ ወረቀት ይሰጠዋል። ከዚያ ሐኪም ያየዋል፤ የአውሮፕላን ቲኬት ይቈረጥለታል። አዲስ አበባ ሲደርስም በመቀበያው ጣቢያ ያርፋል፤ ብቻውን የመጣ ሕፃን ወላጆቹ ተፈልገው እስኪገኙ ድረስ ይጠበቃል። ለመቋቋሚያ የሚሰጠው ርዳታ ብዙውን ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በዕቃና በሥልጠና ነው። በግ ሊሆን ይችላል፤ የስፌት መኪና ወይም የሱቅ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉም ሰው አያገኝም፤ ለጋሾች በሰጡት መጠን የሚሠራ ስለ ሆነ። የየመንም በረራ በጦርነቱ ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ይቋረጣል።

በፈቃድ መመለስ የሚለውን ቃል ግን በቀላሉ ልናልፈው አይገባንም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማስወጣት በጀመረች ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ የወጣ ያለ ቅጣት ይሄዳል ተባለ። በእስር ቤትና በአውሮፕላን መካከል ምረጥ የተባለ ሰው አውሮፕላኑን ቢመርጥ ፈቀደ ልንል እንችላለንን? እኔ አይመስለኝም። አፍሪካውያን አባቶቻችን ይህን አስበውበታል። በጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. በዚሁ በአገራችን በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት፣ በ5ኛው አንቀጽ፣ ማንም ስደተኛ ያለ ፈቃዱ ወደ አገሩ እንዳይመለስ ይከለክላል። የተመለሰውም ስለ ወጣ እንዳይቀጣ፣ አገሩም ተቀብሎ እንዲያቋቁመው ያዝዛል።

በስደተኛና በስደተኛ መካከልም ልዩነት አለ። በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን በዘመነ ጽጌ ስደቷን የምናስባት እመቤታችን ልጇን ይዛ ከግብፅ የተመለሰችው ሄሮድስ ከሞተ በኋላ ነው። የፈራችው ሳይወገድ ተመለሺ ያላት የለም። እንግዲህ የመካሪው የመጀመሪያ ጥያቄ ከምን ሸሽተህ ወጣህ የሚል ሊሆን ይገባል። ሰውየው የሚፈራው እስራትን ወይም ሞትን እንደ ሆነ ጥገኝነት ወደሚጠይቅበት በር ሊመራው ግድ ነው። የሸሸው ራብንና ሥራ ማጣትን እንደ ሆነ ስለ መመለስ ይነጋገሩ። የጥገኝነት ማመልከቻ ያስገባ ሰው ደግሞ በፈቃዴ ልመለስ ብሎ ሲፈርም ጥያቄውን እንደ ተወው ሊቈጠርበት እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ርዳታው ምን ያህል እንደ ሆነና መቼ እንደሚደርስ ሳይጨመርበት ሊነገረው ይገባል። የተጋነነ ተስፋ ሰምቶ የተመለሰ ሰው ቦሌ ላይ ሲወርድ ያዝናል፤ ሮቤ ሲደርስ ይቈጣል፤ ዓመት ሳይሞላውም እንደገና ደላላ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። አንድ ልጅ ሲሄድ በሬ ይሸጣል፤ መሬት በወለድ አገድ ይያዛል፤ ከአጎትና ከአክስት ብድር ይወሰዳል። በመንገድ ላይ አጋቾች ይዘውት የማስለቀቂያ ገንዘብ አምጡ ብለው ሲደውሉ ደግሞ የቀረችው ላም ትሸጣለች። ይህ ልጅ በዔደን ከተማ በጎዳና ሲያድር መመለሻ አለ ቢባል፣ የሚያስበው አውሮፕላኑን አይደለም፤ ያባቱን ፊት ነው። እንደ ተመለሰም የጎረቤቱ የመጀመሪያ ቃል ምን ይዘህ መጣህ የሚል ነው። የእገሌ ልጅ ቆርቆሮ ቤት ሠራለት ይባላል እርሱ እየሰማ። በድርጅቱ ቢሮ የተሰጠው ምክር በአንድ የቡና ሰዓት ወሬ ይፈርሳል።

ኑኃሚን ከሞዓብ ባዶ እጅዋን ወደ ቤተ ልሔም የተመለሰችው በገብስ አጨዳ መጀመሪያ ነበር፤ ያኖራትም ምራትዋ ከሌላ ሰው እርሻ የቃረመችው ገብስ ነው። እኛም የገብስና የስንዴ አገር ሰዎች ነን። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ የምታመርት አገር ናት፤ ስለዚህ ለተመላሹ የሚሰጠው በሬ ወይም ዘር የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ቢደርስ ወራት ሙሉ በዘመድ ትከሻ ላይ ይቀመጣል። ያንን ክፍተት መሙላት የምንችለው እኛ ነን። ዕድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ በሕይወት ለተመለሰ ግን አንድም አንቀጽ የለውም። በሚመጣው ጉባኤ በደንቡ ውስጥ እንዲጨመር አሳስባለሁ፤ ለመጀመሪያው ወቅት የሚሆን ዘር በብድር ይሰጠው፤ ወለድ አገድ የያዘውም ጎረቤት በሽማግሌ ፊት ቀን ይስጠው። ችግሩ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ወሰን ስለማያውቅ ከእስላም ወንድሞቻችን ዕድሮች ጋር መመካከር ይገባናል። ለገበሬዎች ማሠልጠኛነት ተቋቁሞ ኋላ የግብርና ኮሌጅ የሆነው ቤትም በዚሁ በአጋርፋ አለ፤ ለተመላሾች አጭር ሥልጠና እንዲሰጥልን ሽማግሌዎች ልከን ብንጠይቅ መልካም ነው።

ልጆቻቸው በውጭ አገር ያሉባቸው ወላጆችም የልጃቸውን የቀበሌ መታወቂያ ግልባጭ፣ የትምህርት ቤት ወረቀትና ፎቶግራፍ ከቤት አይጥፋባቸው፤ ዜግነት ሲመረመር በዚህ እጦት ብዙ ቀን ይባክናል። በስልክ ሲነጋገሩም ስለ ገንዘብ ከመጠየቃቸው በፊት፣ መሬቱ ባይለቀቅም፣ ዕዳውም ባያልቅ፣ ብትመጣ እንቀበልሃለን ብለው በግልጥ ይንገሩት።