ከቁልፍ እስከ ፊደል

(ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር)



በየመሥሪያ ቤቱ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ከሚቀርቡት አቤቱታዎች አንዱ «ይህ ኪቦርድ አማርኛ አይጽፍም፤ ድራይቨሩ ይለወጥልን» የሚል ነው። አቤቱታው እውነት ነው፤ ጥፋተኛ ተብሎ የተጠቆመው ግን ጥፋተኛ አይደለም። ድራይቨሩ አማርኛ አያውቅም፤ እንግሊዝኛም አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው።

አንድ ጸሐፊ በሊኑክስ በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ «ሰላም» ብሎ ሊጽፍ ተነሣ እንበል። የላቲን ፊደል ከታተመባቸው ቁልፎች ኤስን፣ ኢን፣ ኤልን፣ ኤን እና ኤምን በተራ ይመታል። በዩኤስቢ የተያያዘ ኪቦርድ ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ኮምፒዩተሩ በየጥቂት ሚሊሰኮንዱ ይጠይቀዋል፣ እርሱም በአጭር ሪፖርት ይመልሳል። በሪፖርቱ ውስጥ ኤስ 22፣ ኤል 15 ተብለው ይጻፋሉ። በአሮጌው የፒኤስ/2 መሰኪያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ኪቦርዱ ራሱ በ1 ቁጥር ኢንተራፕት አማካይነት አንጎለ ኮምፒዩተሩን ከያዘው ሥራ ያቋርጠዋል፤ የሚልከውም ኮድ ሌላ ነው።

ድራይቨር ያስፈለገው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። መሣሪያው በየትኛውም ሽቦ ቢመጣ፣ ድራይቨሩ የመሣሪያውን ልዩ አነጋገር ወደ ከርነሉ የጋራ ቋንቋ ይመልሰዋል፤ በሊኑክስ ዘንድ ኤስ ምን ጊዜም 31፣ ኤል ምን ጊዜም 38 ነው። ቁልፉ ሲጫኑት 1፣ ሲለቁት 0፣ ተጭነው ሲያቆዩት 2 ይመዘገባል። ስለዚህ አምስቱ ቁልፎች 10 ክስተቶች ሆነው ወደ ላይ ያልፋሉ። ከነዚህ ከ10ሩ አንዱም ፊደል አይደለም። (ማውስም እንዲሁ ነው፤ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ይናገራል እንጂ ቀስቱ የት እንዳለ አያውቅም።)

ፊደሉ የሚወለደው ከከርነሉ በላይ፣ የአጻጻፍ ዘዴ በሚባለው ተራ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ኤስ ሲመታ «ስ» ይጽፋል፤ ኢ ሲከተል አጥፍቶ «ሰ» ያደርገዋል፤ «ል»ም በኤ «ላ» ይሆናል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት 231 ሲሆኑ፣ የኪቦርዱ ቁልፎች ከ100 ብዙም አይበልጡምና ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁልፍ መስጠት አይቻልም። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል ቁጥር የሰጠውም ለፊደሉ ነው፤ ለቁልፉ አይደለም።

ሥራው በየትኛው ደረጃ ይሠራ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በዶስ ዘመን ፊደል የሚለውጡ ፕሮግራሞች የኪቦርዱን ኢንተራፕት ራሳቸው ይይዙ ስለነበር፣ ሁለቱ ከተጋጩ ማሽኑ ደርቆ ይቀር፣ የተጻፈውም ይጠፋ ነበር። ዛሬም በከርነሉ ውስጥ የሚሠራ ድራይቨር ቢሳሳት መላውን ሥርዓት ይዞ ሊወድቅ ይችላል። የአጻጻፍ ዘዴው ሲወድቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይወድቃል፤ መልሶ ማስነሣት ይበቃል። ይሁን እንጂ እርሱም የሚጻፍለትን ሁሉ ያነባልና፣ ምንጩ ያልታወቀ የአማርኛ መጻፊያ መጫን ለማያውቁት ሰው ደብዳቤን ገልጦ እንደ መስጠት ነው።

አቤቱታው ሲመጣ እንግዲህ ባለሙያው ኪቦርድ ከማስገዛቱ በፊት ኢቭቴስት የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ከፍቶ ኤስን ይምታ። 31 ከታየ ድራይቨሩ ሥራውን ጨርሷል፤ ፍለጋው ወደ ላይ፣ ወደ አጻጻፍ ዘዴው ነው። ምንም ካልታየ ሽቦውን ይመልከት።